ያልወለድኩበት ባኞ

የበደለችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ መውለጃዬ በደረሰበት ክረምት ነው። ስሟን አልጽፈውም። በሕይወት አለች፤ ጤናዋም ከእኔ ይሻላል ይላሉ።

ነገሩን ሳነሳ ሰዎች "ያኔ ዘመኑ እንደዚያ ነበር" ይሉኛል። ዘመኑ ብዙ ነገር አድርጓል፤ ያደረገውንም እዚያው ፒያሳ ሆኜ አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ሊያደርሰኝ ደጃፌ ድረስ የመጣውን ታክሲ የመለሰው ግን ዘመኑ አይደለም። እሷ ናት።

የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ጣሊያን በሠራው አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ትርፍ ቤት ተብሎ ከተወረሰ በኋላ ቀበሌው ለአራት ቤተሰብ አከፋፍሎታል። እኔና ባለቤቴ ከእናቱ ጋር ምድር ቤት ነበርን። ከጎናችን ከወሎ የመጡ አንድ ልብስ ሰፊና ሚስቱ ይኖራሉ። ፎቁ ላይ ሁለት ቤተሰብ አለ። በምድር ቤቱ መተላለፊያ ጫፍ ደግሞ የድሮው ባለቤት ገላውን ይታጠብበት የነበረ፣ አራት እግር ያለው ትልቅ ነጭ ባኞ የተቀመጠበት ክፍል ነበር። ቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ገላውን የታጠበበት ሰው የለም። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው በፈረቃ ስለሆነ፣ ውሃ በመጣ ቀን ባኞውን እስከ አፉ እንሞላና በእንጨት ክዳን እንከድነዋለን፤ አራቱም ቤት ከዚያ እየቀዳ ይጠጣል፣ ያበስላል። የግቢው በርሜል እሱ ነበር። ይህን የምናገረው ባኞ ሲባል ቅንጦት የሚመስለው ሰው ስላለ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በዚያው ቤት፣ በአማቴ መኝታ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ የእኔ እናት ግን ቀድማ አርፋ ስለነበር አማቴ "እኔስ እናትሽ አይደለሁ?" አሉ። ከእሪ በከንቱ አንዲት አዋላጅ አስመጡ። ሴትዮዋ የሰፈሩን ግማሽ እንዳዋለዱ ይነገርላቸዋል፤ ስለ ቀረው ግማሽ የሚናገር አልነበረም። ሆዴን በቅቤ ሲያሹ ዋሉ፣ ሲያሹ አደሩ። ጎረቤት ሁሉ ገብቶ "ማርያም፣ ማርያም" ይላል። ምጥ ይፈታል ተብሎ የቤቱ ሣጥን ሁሉ ተከፈተ፣ የተቋጠረ ሁሉ ተፈታ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ወጣ። አላለቀሰም። ሴትዮዋ እጃቸውን ታጥበው "እግዜር አልፈቀደም" አሉና፣ የተሠራው ገንፎ እንዳይቀር ብለው በልተው ሄዱ። እግዜር የስንቱን ሰው ሥራ እንደሚሸከም ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሳረግዝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ በሕይወት እንዲወጣ። ሐኪም ቤት ክትትል ጀመርኩ። ያየችኝ አዋላጅ ነርስ የፊተኛውን ታሪኬን ሰምታ "ምጡ ገና ጫፉ ሲነካሽ ነይ፤ ቤት እንዳትቆዪ" አለችኝ።

ሐኪም ቤት ገነት ነው አልልም። እዚያ የወለዱ ሴቶች የሚያወሩትን ሰምቻለሁ። አልጋ ለሁለት ትካፈያለሽ። ስትጮኺ "ያኔ ሲጣፍጥሽ አልጮኽሽ፣ አሁን ምን ሆንሽ?" ትባያለሽ። ባልሽ በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በእኔ ቤት ይህ እንደ ጉዳት አይቆጠርም ነበር። ቢሆንም መሣሪያ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ ነገር ሲበላሽ የሚሮጡበት ክፍል አላቸው። ሰድቦ የሚያዋልደኝ፣ አክብሮ ከሚቀብርልኝ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ።

ባለቤቴም ተስማማ። ባለቤቴ ከሁሉም ጋር የሚስማማ ሰው ነበር። ጠዋት ከእኔ ጋር፣ ማታ ከእናቱ ጋር፣ በስብሰባ ቀን ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ይስማማል። ያም ሆኖ ድልድዩ አጠገብ ከሚቆሙት ሰይቸንቶ ታክሲዎች የአንዱን ሾፌር አነጋግሮ፣ በተጠራ ጊዜ እንዲመጣ ቃል አስገባልኝ። በትዳራችን ካደረገልኝ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እሱንም እህቱ አፈረሰችው።

እህቱ ከሶቪየት ኅብረት የተመለሰችው በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ተምራ መጣች። የተማረችው ስለ ሲሚንቶ ነው። ይህን እሷም አልደበቀችም፤ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በእኛ አገር ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ልጁን ያስቀመጠው፣ ጥርሱን ያመመው፣ ከአለቃው የተጣላው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። እሷም ማንንም "አላውቅም" ብላ መልሳ አታውቅም። "ሳይንስ አንድ ነው" ትላለች፤ "መሠረቱን የያዘ ሁሉንም ይይዛል።" ብዙም ሳትቆይ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር አመራር ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ በመጣች ቀን እንደ ደንቡ ብድግ ብዬ "እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አልኳት።

"እትዬ ይቅር፤ የፊውዳል ነው" አለችኝ። "ጓድ በይኝ። አንቱታም አልወድም።"

"እሺ፣ ጓድ።"

ከዚያ ሆዴን አየችው። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን ሰድዳ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው መታ መታ አደረገችው። "መቼ ነው የምንወልደው?" አለች፣ በሰው ፊት። አማቴ እንኳ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ።

"ሲደርስ" አልኩ።

"ሲደርስ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በፕላን ነው።"

"የምንወልደው" ያለችው ሴት አግብታም ወልዳም አታውቅም።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሲሚንቶ በምትማርበት ከተማ አንድ ቀን ንግግር ሰምታለች። ሴቶች ውሃ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚወልዱ ተነግሯታል፤ ፎቶግራፍም አይታለች። በዚያ አንድ ከሰዓት የሰማችውን ይዛ መጣችና የእኔን ማኅፀን ልታስተዳድር ተነሣች።

"ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሙሉ የኖረው በምን ውስጥ ነው? በውሃ" አለችኝ፣ እንጀራዬን ስበላ አጠገቤ ተቀምጣ። "ታዲያ ከውሃ ወደ ውሃ ሲወጣ ምን ይሆናል? አይደነግጥም። አያለቅስም።"

"ማልቀሱን ነው እኮ የምፈልገው" አልኳት።

አልገባትም። የፊተኛው ልጄ እንዳላለቀሰ በደብዳቤ ተጽፎላታል፤ ግን አልገባትም። ቀጠለች። ሕመም የሚባል ነገር የለም አለች። ያለው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ሴቶችን ለመግዛት የተፈጠረ ወሬ ነው። አእምሮዋን ያዘጋጀች ሴት አታምጥም፤ ትሠራለች። ሐኪም ቤትም ቢሆን ጤነኛን ሴት በሽተኛ የሚያደርግ ነው፣ እናቷ የሚያመጧቸው አሮጊትም የጨለማው ዘመን ቅሪት ናቸው። ስለ አሮጊቷ በተናገረችው ተስማምቻለሁ። በሕይወቷ የተናገረችው እውነት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን በመጀመሪያ ማሰቤን አልክድም። ሞቅ ያለ ውሃ ወገብን እንደሚያሳርፍ የትኛዋም ሴት ታውቃለች፤ እኔም ወገቤን ሲያመኝ የሞቀ ጨርቅ አድርጌ እተኛለሁ። በሌላ አገር፣ ሞቅ ያለ ውሃ ከግድግዳ በሚወርድበት ቤት፣ አጠገብሽ ሐኪም ቆሞ፣ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ፊታችንን የምንታጠበው በጣሳ እየለካን ነበር። አጠገቤ የምትቆመውም የሲሚንቶ ባለሙያ ናት።

በሐምሌ ማኅበሩን በቀበሌው አዳራሽ ሰብስባ እኔን ከፊት አስቀመጠችኝ። ሴቶቹ ሰሌን ላይ እንዲጋደሙ አደረገችና "አሁን በአፍንጫ ሳቡ፤ በአፍ እፍ በሉ" አለች። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናቶች ሳይቀሩ ተጋድመው እፍ ይላሉ።

ከወሎ የመጣችው ጎረቤቴ ከተጋደመችበት ቀና ብላ "ጓድ፣ ከሰሉ ጠፍቶ ነው እንጂ እፍ ማለቱንስ እናውቅበታለን" አለች።

ሳቅ ሆነ። ከኋላ ያለች አንዲት የእሪ በከንቱ ሴት ቀጠለች። "ውሃ ውስጥ ከወለደችማ ዓሣ ነው የምትወልደው። ለፍልሰታ ጾም ትደርስልናለች?"

"አርፈሽ ተኚ፣ ለጾም የሚሆነው ሳይወለድ ልትጠብሺው?" አለቻት ሌላዋ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የባለቤቴ እህት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። "ይህ ሳቅ የማን ሳቅ እንደሆነ እናውቃለን" አለች። "የኋላ ቀርነት ሳቅ ነው።" ወዲያው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ሳቅም ወገን ነበረው። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ በማኅበራችን በአዲሱ ዘዴ የመጀመሪያዋ ወላድ እኔ እንደምሆን፣ ከእኔም ቀጥሎ ሌሎቹ እርጉዞች በየተራ እንደሚገቡ ነገረቻቸው። ማንም አልጠየቀኝም። ተጨበጨበ። ያን ጊዜ ከተጨበጨበ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ቤት ስንገባ ግን "ሐኪም ቤት ነው የምሄደው" አልኩ።

አማቴ "ሌሊት ቢመጣስ፣ ልጄ? ሰዓት እላፊ ከገባ ማን ያደርስሻል?" አሉ።

ይህ እውነት ነበር። ሌሊት እርጉዝ ነኝ ብሎ መንገድ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ የሚተኩሰው ሰው ሆድሽን አያይም። ብዙ ሴቶች ቤት የሚወልዱት ወደውት ሳይሆን ለዚህ ነበር። ስለዚህ አራታችንም በተቀመጥንበት ተዋዋልን። ምጡ ሌሊት ከመጣ እንዳሉ ያድርጉኝ። ቀን ከመጣ ግን ታክሲው ተጠርቶ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ተስማማ። አማቴ ተስማሙ። እህቱም "እሺ" አለች። "እሺ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አላወቅኩም ነበር እንዳትል ይህን እጽፋለሁ።

ከዚያ ባኞውን ማዘጋጀት ጀመረች። የአራቱን ቤት ውሃ አስደፍታ፣ ውስጡን በአመድ አስፈግፍጋ፣ በፈረቃው ቀን እንደገና አስሞላችና ማንም እንዳይቀዳበት ከለከለች። ውጪ ሰማዩ እንደ ወንፊት ይዘንባል፤ እኛ ግቢ ውስጥ የምንጠጣው አጥተን የጣሪያ ውሃ በሳፋ እንቀበላለን። የፎቁ ሰዎች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ያጉረመርማሉ፤ እሷ ብቅ ስትል "ደህና አደርሽ፣ ጓድ" ይላሉ። እኔን ሲያዩኝ ግን ውሃቸውን የጠጣሁባቸው እኔ እንደሆንኩ ሁሉ ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። በእሷ ላይ ያልደፈሩትን በእኔ ላይ ያወጡት ነበር። ሰው እንዲህ ነው።

ምጡ የጀመረኝ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ጠዋት፣ ባለቤቴ ሥራ ከገባ በኋላ። ቀን በመሆኑ ደስ አለኝ። ጎረቤቴን ጠርቼ ሾፌሩን ላኪልኝ አልኳት። እሷም ወደ ድልድዩ ወርዳ ነግራው፣ ለባሏ ምሳ ልታደርስ ወደ ፒያሳ ሱቁ ወጣች። ልብሴን ለበስኩ፣ አንሶላ ጠቀለልኩ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የመኪና ጡሩምባ የሰማሁ መሰለኝ። ብዙ ቆየሁ።

የባለቤቴ እህት ገባች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች።

"ታክሲው የለም" አለችኝ። "ነዳጅ አጥቶ ቆሟል።"

በዚያ ሰሞን ነዳጅ በኩፖን ነበር፤ አመንኳት። ሌላ ታክሲ እንዲፈለግ ጠየቅኩ። "ሰው ልኬያለሁ፤ እስኪመጣ ውሃው ውስጥ እረፊ፤ ያሳርፍሻል" አለች። ማንንም አልላከችም።

ገባሁ። ውሃውን ለማሞቅ ከጓሮ በእንጨት እሳት ላይ በርሜል ጥደው ነበር፤ ትኩሱ ሲጨመር ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነ። ያ ሁሉ ባኞ ግን በአንድ በርሜል አይሞቅም። ከላይ ለብ ይላል፣ ከታች እንደ ወንዝ ይቀዘቅዛል። የክረምት ቀን ነው፣ የክፍሉ መስኮት መስታወት የለውም። ምጡ ሲመጣ እጮኻለሁ፤ ሲሄድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እሷ አጠገቤ ተንበርክካ "በአፍንጫ ሳቢ፣ እፍ በይ" ትላለች።

"አመመኝ።"

"አላመመሽም። ጡንቻ ሥራውን እየሠራ ነው።"

"እንግዲያው ጓድ ጡንቻ ይሥራ፤ እኔ ሐኪም ቤት ልሂድ።"

"ያንቺ ችግር ይህ ነው፤ ሁሉን ነገር ትቃወሚያለሽ።"

ቀኑ ገፋ። ታክሲው አልመጣም። የፊተኛው ልጄ ሲወጣ የነበረው ጸጥታ በጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እሷ ስትናገር ያን ጸጥታ ነው የምሰማው። ለመነሣት ስሞክር ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ትጫነኛለች። እጇ ጠንካራ ነው። ሲሚንቶ ጥሩ እጅ ሰጥቷታል።

አማቴ ደረቅ ጨርቅ ይዘው ሲገቡ ውሃው ትንሽ ደም ነክቶት ነበር። ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

"ውይ በሞትኩት! ደም ነክቶታል! ውጪ፣ ልጄ፣ ውጪ!"

"ምን ሆነሻል፣ እማዬ? የተለመደ ነው" አለች ልጃቸው።

"ጠበል አለበት! ትናንት ከማርያም አስቀድቼ ጨምሬበታለሁ! ልጁን ትጠብቅልኝ ብዬ ነው!"

ነገሩ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ደም ላይ ያለች ሴት ጠበል አትገባም፤ ወላድማ ክርስትና እስኪነሣ ቤተ ክርስቲያንም አትደርስ። አማቴ ልጃቸው ስብሰባ በሄደችበት ተደብቀው፣ የልጅ ልጃቸውን ከሩሲያ ውሃ ሊያድኑ፣ አንድ ጀሪካን ጠበል ባኞው ውስጥ ገልብጠዋል። መውለድ ደም እንዳለው ሰባት የወለዱት ሴት አላሰቡትም።

"ውሃ ውሃ ነው!" ጮኸች ልጃቸው። "ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው!"

"ማተብሽን እዚያ በጥሰሽ መጣሽ አይደል! በቤቴ ጠበል ልታረክሺ!"

"ሴትዮዋን አትረብሺያት፣ እማዬ! ሥራ ላይ ናት!"

ሴትዮዋ እኔ ነኝ። አማቴ በአንድ ክንዴ ወደ ላይ ይስቡኛል፤ ልጃቸው በሌላው ወደ ታች ትጫነኛለች። አንዷ ለጠበሉ፣ አንዷ ለዘዴዋ። ስለ ሆዴ የሚጣላ አልነበረም።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ ከፒያሳ ተመልሳ በሩን ከፈተች።

"ኧረ በአላህ! አንቺ እስካሁን አልሄድሽም? ታክሲውን እኮ ልኬልሽ ነበር!"

"ነዳጅ የለውም ተባልኩ" አልኳት።

"የምን ነዳጅ? ወላሂ፣ እዚህ ደጃፍ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ ከዳገቱ ላይ ሆኜ በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

የባለቤቴን እህት አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"እኔ ነኝ የመለስኩት" አለች፣ ሪፖርት እንደምታነብ። "አስፈላጊ አልነበረም።"

ያን ጊዜ እጇን ነከስኩት። ለቀቀችኝ። ከባኞው ወጣሁ። ጎረቤቴ የባሏን ጋቢ አለበሰችኝና ደግፋ ወደ ውጪ አወጣችኝ። አማቴ ከኋላችን "በእንፋሎቱ ብርድ ይመታታል" ይላሉ፤ ልጃቸው የተነከሰ እጇን ይዛ "ይህ በማኅበሩ ይታያል" ትላለች። ዝናብ ነበር። በቁልቁለቱ ላይ ምጡ ሲይዘኝ ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን፤ ሲለቀኝ እንወርዳለን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ያው ሾፌር ሦስት ሰው ጭኖ ሊነሣ ሲል ጎረቤቴ ኮፈኑን በጥፊ መታችው።

"ጠዋት እኮ ምጥ የለም ተባልኩ!" አለ ሾፌሩ።

"አሁን አለ! እናንተ፣ ውረዱ!"

ወረዱ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን እየለቀቁ "ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ሾፌሩ ጋቢው ሲንጠባጠብ አየና "እመቤቴ፣ አደራ፣ ወንበሯን ትናንት ነው ያለበስኳት" አለ።

"ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተ! ባሌ እንደገና ያለብስልሃል!"

ሐኪም ቤት ስንደርስ የተቀበለችኝ ነርስ መጀመሪያ ያለችኝ "እስካሁን የት ነበርሽ?" ነው። ቀጥላ ፀጉሬን አየች። "በዝናብ ነው?"

"ባኞ ውስጥ ነበርኩ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ልወልድ።"

ባልደረባዋን ጠርታ እንደገና አስነገረችኝ። ሁለቱም ሳቁ። ስድብም ነበር፤ ከገመትኩት አልበዛም። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፣ ሐኪም ተጠራ፣ ብዙ እጅ መጣ። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ስትወጣ ዝም አለች። ያ የማውቀው ጸጥታ መጣ። አንዱ እግሯን ይዞ ገለበጣት፣ አንዷ ጀርባዋን አሸች፣ አንዷ አፏን ጠረገች። ከዚያ አለቀሰች። የማንኛውም ሕፃን ድምፅ ነው፤ ሌላው ክፍል ያሉትም ሁሉ እንዲሁ ያለቅሳሉ። የእኔዋን ግን ለይቼ ሰማኋት።

ባለቤቴ ሊመሽ ሲል መጣ። ልጅቷን አየ፣ ግንባሬን ሳመኝና ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ "እህቴ በጣም አዝናለች" አለኝ። "ስንት የደከመችበት ነገር ነው።"

"እኔም ትንሽ ደክሞኛል" አልኩት።

ከአራስ ቤት ወጥቼ፣ የልጄ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። የባለቤቴ እህት ቆማ ሪፖርት አቀረበች። የመጀመሪያው ሥራችን በድል ተጠናቋል አለች። እህታችን የምጧን ከባድ ክፍል በውሃ ውስጥ አሳልፋ፣ ጤናማ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ሐኪም ቤት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ታክሲ የሚልም አልወጣም። "ተነሺ፣ ልጅቷን አሳዪ" አለችኝ። ተነሣሁ። ተጨበጨበ። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ እያጨበጨበች "ለሲሚንቶውም ይጨበጨብ" አለችኝ በሹክሹክታ። በዚያ አዳራሽ ተነሥቶ "ውሸት ነው" ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጅ ታቅፌያለሁ። ተቀመጥኩ። እሷም ቀጥሎ ባኞው ውስጥ የሚገቡትን እርጉዞች በየስማቸው ጠራች። አንዷ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ ግንባር የዘመተ ልጅ ነበረች። ስሟ ሲጠራ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ ልጄን አይታ አምናለች።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ወደዚያች ልጅ ቤት ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሄድኩ። ምጥ ሲጀምራችሁ ለማንም ሳትናገሩ ውጡ፣ ታክሲውን ራሳችሁ ሂዳችሁ ያዙ፣ ሌሊት ከሆነባችሁም ሌላ ሰው ጥሩ፣ እሷን ግን አትጥሩ አልኳቸው። አንዳቸውም ባኞው ውስጥ አልገቡም። በኅዳር አፍንጮ በር ያሉ የክርስትና እናቴ አንድ ክፍል ለቀቁልኝ፤ ልጄንና ልብሴን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ በገና ሰሞን ተከተለኝ። እናቱን እንዲጠይቅ አልከለከልኩትም። እህቱ ደጄ ከመጣች ግን አልከፍትም አልኩት። አንድ ቀን መጣች፤ አልከፈትኩም።